ጨዋታው ስንት መልስ ይቀበላል?

ስለ ቪዲዮ ጌምና ስለ ፈጠራ ችሎታ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተጫዋቾች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መግቢያ ሳላበዛ በአንድ ሙከራ ልጀምር።

ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 352 ሰዎችን በአራት ቡድን መደቡ። አንዱ ቡድን የመኪና እሽቅድድም ጌም ተጫወተ፤ ሌላው ቴሌቪዥን ተመለከተ። የቀሩት ሁለቱ ማይንክራፍት የተባለውን፣ ብሎክ እየደረደሩ የፈለጉትን የሚገነቡበት ጌም ተጫወቱ። በነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ መመሪያ ብቻ ነው፦ ለአንደኛው ምንም አልተባለም፤ ሁለተኛው ግን ሲጫወት በተቻለው መጠን ፈጠራ እንዲያሳይ ተነገረው። ሁሉም 40 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ የፈጠራ ችሎታ መለኪያዎች ቀረቡላቸው፤ ከነዚህም አንዱ «ከምድራችን እጅግ በተለየ ዓለም የሚኖር ፍጡር ሣሉ» የሚል ነበር። የተሣለው ፍጡር ሰው በመሰለ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል፣ ከሰው በራቀ ቁጥር ይጨምራል።

ምንም ሳይባሉ ማይንክራፍት የተጫወቱት ከሁሉም በለጡ። እስከዚህ ድረስ የጌም ወዳጅ ደስ ይለዋል። መጨረሻ የወጡት ግን ቴሌቪዥን ያዩት አይደሉም፤ መኪና የነዱትም አይደሉም። ያንኑ ጌም ለዚያው 40 ደቂቃ ተጫውተው፣ «ፈጠራ አሳዩ» የተባሉት ናቸው።

እንግዲህ «ጌም ሰውን ፈጣሪ ያደርጋል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ ከአንድ ሙከራ ብቻ ሁለት ተቃራኒ መልስ ይወጣለታል። ጌሙ አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። የተለየው በተጫዋቹ እጅ የቀረው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንድንቀይረው እፈልጋለሁ፦ ይህ ጨዋታ ለሚያቀርበው ችግር ስንት መልስ ይቀበላል? ከመልሶቹስ መርጦ የሚያነሣው ማን ነው፣ ተጫዋቹ ነው ወይስ ሌላ ሰው?

መመሪያው ለምን ጎዳ? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያቀረቡት ግምት እንጂ የተረጋገጠ መልስ አይደለም። መመሪያው ሰዎቹ የሚጫወቱበትን ምክንያት ለውጦት ይሆናል፤ ወይም አማራጫቸውን አጥብቦባቸው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ያላቸውን ሐሳብ ሁሉ በጨዋታው ውስጥ ጨርሰው ፈተናው ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ቀርተው ይሆናል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ምክንያቱም ከጌም በፊት የተሠራ አንድ የታወቀ ሥራ ወደዚያው ይጠቁማል። በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በቀለም እስክሪብቶ መሣል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እስክሪብቶዎቹ ያለ ምንም ሽልማት ሲቀርቡ፣ ሽልማት እየጠበቁ የሣሉት ሕፃናት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሣሉት። ሳይጠብቁ በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የጎዳው ሽልማቱ ሳይሆን ለሽልማት ብሎ መሣሉ ነበር ማለት ነው።

አሁን ስለ መለኪያው ጥቂት ልበል፤ «የፈጠራ ችሎታ» የሚለው ቃል በየሰው አፍ የተለያየ ነገር ነውና። ቶራንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 ያወጣው ፈተና ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። እሱና ተከታዮቹ የሚያዩት በተለይ አራት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሐሳቡ ብዛት ነው። ሁለተኛው ሐሳቦቹ ከስንት የተለያየ ዘርፍ እንደመጡ ነው። ሦስተኛው ሐሳቡ ለሌላ ሰው የማይመጣ፣ ብርቅ መሆኑ ነው። አራተኛው ሐሳቡ በምን ያህል ዝርዝር እንደተሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ አማራጭ የማብዛት ችሎታን እንጂ ከአማራጮቹ የሚጠቅመውን የመምረጥ ችሎታን አይለካም። እውነተኛ ፈጠራ ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ «ጌም የተጫወቱት የበለጠ ነጥብ አመጡ» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ ነጥቡ ከአራቱ በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

በ2012 የታተመ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ወደ 500 የሚጠጉ የ12 ዓመት ልጆች የቶራንስን ፈተና ወሰዱ፤ ለምሳሌ ከተሰጣቸው ጎባጣ ቅርጽ ተነሥተው ሥዕል ይሥላሉ፣ ርእስ ይሰጡታል፣ ታሪክ ይጽፉለታል። ብዙ ጌም የሚጫወቱት ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ፤ ወንድም ሴትም ቢሆኑ፣ የጌሙ ዓይነት ምንም ቢሆን። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ሞባይል መጠቀም ግን ከነጥቡ ጋር ዝምድና አልታየበትም። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ነገር ግን ማንም ልጆቹን በዕጣ ከፍሎ «አንተ ተጫወት፣ አንቺ አትጫወቺ» አላለም። ጌሙ ፈጣሪ አድርጓቸው ይሆናል፤ በተፈጥሯቸው አዲስ ነገር የሚወዱ ልጆች ወደ ጌም ስለሚሳቡም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነቱ ጥናት ሁለቱን መለየት አይቻልም። የአዮዋው ሙከራ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ የለካው ጨዋታው እንዳበቃ የታየውን ብቻ መሆኑ ነው። ከወር በኋላ ምን እንደቀረ አይነግረንም።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ እንግባ። በመጀመሪያ ግን ይህን ችግር ፍቱልኝ። ሦስት ባዶ ዕቃ አለ። አንዱ 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 መለኪያ ውሃ ይይዛል። በነዚህ ብቻ 100 መለኪያ ውሃ አውጡ።

መልሱ ትልቁን ሞልቶ፣ ከሱ 21ዱን አንድ ጊዜ፣ 3ቱን ሁለት ጊዜ መቅዳት ነው፤ 100 ይቀራል። ሉቺንስ የተባለው ተመራማሪ በ1942 ባሳተመው ሥራ በዚሁ መንገድ ብቻ የሚፈቱ አምስት ችግሮችን በተከታታይ ሰጠ። ቀጥሎ ዕቃዎቹን 23፣ 49 እና 3 አደረጋቸውና 20 መለኪያ እንዲወጣ ጠየቀ። የለመዱት መንገድ እዚህም ይሠራል፦ ከ49 ላይ 23፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 3። ብዙዎቹ እንዲሁ አደረጉ። ከ23 ላይ 3 ብቻ መቀነስ እንደሚበቃ አላዩም። ከዚያ 28፣ 76 እና 3 ሰጥቶ 25 ጠየቀ። እዚህ የለመዱት መንገድ ፈጽሞ አይሠራም፤ አጭሩ ግን ይሠራል። ከጠየቃቸው መካከል ብዙዎቹ ተስፋ ቆረጡ። አምስቱን ልምምድ ያላለፉ ሰዎች ግን በቀላሉ ፈቱት።

ይህን ያነሣሁት ብዙ ጌም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ያስተምራል፣ ያለማምዳል፣ ያፈጥናል። ሰባቱን የቴትሪስ ቅርጾች መቶ ሰዓት የደረደረ ሰው በቴትሪስ ጎበዝ ይሆናል፤ ይህ ግን ሉቺንስ ካለማመዳቸው ሰዎች ልምድ የተለየ አይደለም። የእሽቅድድም ጌምም መልሱ አንድ ነው፤ ጥሩው መስመር ይታወቃል፣ የቀረው እጅን ማፍጠን ነው። አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል እንቆቅልሽም፣ ምንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ ተጫዋቹ የሠሪውን ሐሳብ እንዲገምት እንጂ የራሱን እንዲያመጣ አይጠይቀውም። ግምቱ ደስ ይላል፣ አእምሮንም ያነቃል፤ ከፈጠራ ጋር ግን አንድ አይደለም።

የሉቺንስን ወጥመድ ሆን ብለው የሚሰብሩ እንቆቅልሾችም አሉ። በ2019 የወጣው ባባ ኢዝ ዩ የተባለው ጌም ሕጎቹን እንደሚገፉ የቃል ድንጋዮች መሬት ላይ ያስቀምጣቸዋል። «ግድግዳ ማገጃ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሜዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሦስቱ ቃላት አንዱን ገፍታችሁ ከመስመር ካወጣችሁት፣ ግድግዳው ማገድ ያቆማል፤ በውስጡ ታልፋላችሁ። ለተጫዋቹ የሚያስተምረው ትልቅ ነገር አለ፦ ስትጣበቅ የምትንቀሳቀስበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ያልተጠየቀውን ሕግ መርምር። ይህ ፈጠራን በቀጥታ የሚነካ ልማድ ነው።

በሰፊው ልቆይበት የምፈልገው ግን የግንባታ ጌም ነው፤ በተለይም ማይንክራፍት ውስጥ ያለው ሬድስቶን። ሬድስቶን ኤሌክትሪክን የሚመስል ቀይ ዱቄት ነው፤ መሬት ላይ ሲረጭ ኃይል ያስተላልፋል። ሕጎቹ ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ኃይሉ ሲነሣ 15 ነው፤ በየብሎኩ አንድ እየቀነሰ ከ15 ብሎክ በኋላ ያልቃል። ከዚያ በላይ ለመውሰድ መሐል ላይ ሪፒተር ይገባል፤ ኃይሉን ወደ 15 ይመልሰዋል፣ በምላሹ ግን ከ0.1 እስከ 0.4 ሰከንድ ያዘገያል። ፒስተን ቢበዛ 12 ብሎክ ይገፋል። የሬድስቶን ችቦ የቆመበት ብሎክ ኃይል ሲያገኝ ይጠፋል፣ ኃይሉ ሲቋረጥ ይበራል። በቃ፣ ዋናው ይኸው ነው።

አሁን አንድ ልጅ ሲረግጠው የሚከፈት ስውር በር ሊሠራ ተነሣ እንበል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ተጣባቂ ፒስተን (ብሎኩን ገፍቶ መልሶ የሚስብ)፣ በጠቅላላው አራት፣ ያቆማል። ፒስተኖቹ ፊት ላይ የግድግዳውን ዓይነት ብሎክ ያደርጋል። የሚረገጠውን ሰሌዳ በሬድስቶን ያገናኛል። ይረግጠዋል። በሩ ይዘጋበታል! ምክንያቱም ፒስተን ኃይል ሲያገኝ ይዘረጋል፤ ተዘርግቶ ብሎኩን ወደ መሐል ይገፋዋል፤ ስለዚህ ኃይል ማለት መዘጋት ነው። ልጁ የፈለገው ተቃራኒውን ነው። መፍትሔው በሰሌዳውና በፒስተኑ መካከል ችቦ ማስገባት ነው፤ ሰሌዳው ሳይረገጥ ችቦው በርቶ በሩን ዘግቶ ይይዛል፣ ሲረገጥ ጠፍቶ ይከፍተዋል። የኮምፒውተር ሰዎች «አፍራሽ በር» (የመጣውን ምልክት የሚገለብጥ፣ በእንግሊዝኛ «ኖት ጌት») ብለው የሚያስተምሩት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጁ ግን በትምህርት ሳይሆን በብልሽት ደረሰበት። ሁለት ችቦዎች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ ሲገናኙ ደግሞ የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚያስታውስ ነገር ይሆናሉ። ሰዎች በዚሁ ተነሥተው ሬድስቶን ብቻ በመጠቀም የሚደምር የሚቀንስ ማሽን ገንብተዋል።

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ተገናኝቷል። ሕጉ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ በጭንቅላት ይያዛል። መልሱ ብዙ ነው፤ ያንን በር በአሥር ዓይነት መንገድ መሥራት ይቻላል። ስሕተት ደግሞ ርካሽ ነው፤ የተበላሸው በአንድ ምት ይፈርሳል፣ ምን እንደተበላሸም ወዲያው ይታያል። እኔ ጌምን የምገምተው በነዚህ በሦስቱ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ጌም ለስሕተት የሃያ ደቂቃ ሥራ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ተጫዋቹ አዲስ ነገር መሞከሩን ይተውና የታወቀውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ጥፋቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የጌሙ ነው።

ከመጫወት ወደ መሥራት የሚያሻግሩ መሣሪያዎች ከዚህም በላይ ይሄዳሉ። በ2015 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ሜከር ተጫዋቹ የራሱን መድረክ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ለሌሎች መልቀቅ እስከ 2021 ይቻል በነበረበት ጊዜ ግን ከመልቀቁ በፊት ራሱ ተጫውቶ መጨረስ ነበረበት። ይህች ሕግ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ሠሪውን ከራሱ ወጥቶ በተጫዋች ዓይን እንዲያይ ታስገድደዋለች። ዓለም የሚያውቃቸው አንዳንድ ጌሞችም የተወለዱት ተጫዋቾች የሌላውን ጌም ፈትተው ሲገጥሙ ነው፦ ካውንተር ስትራይክ በ1999 ሃፍ ላይፍ በተባለው ጌም ላይ የተሠራ ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ነባሩን ጌም ለውጠው የሠሩት፣ ነበር፤ ዶታም ከዋርክራፍት 3 የወጣ ነው። ሞድ መሥራት ከባድ ለሚሆንበት ልጅ በ2007 ይፋ የሆነው፣ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ስክራች የተባለ የፕሮግራም መሥሪያ አለ፤ በነጻ ይገኛል፣ ትእዛዛቱም እንደ መገጣጠሚያ ብሎክ እየተያያዙ ይሠራሉ።

ጨዋታ በእውነተኛ ችግር ላይ ፈጠራ እንዳስገኘ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ከተፈለገ ፎልዲት አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2008 ያወጣው ጌም ሲሆን፣ ተጫዋቹ የፕሮቲንን ቅርጽ በእጁ እያጣጠፈ የተሻለ ሲያገኝ ነጥብ ይሰበስባል። በዝንጀሮ ላይ ኤድስን የሚመስል በሽታ የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ኤንዛይም ቅርጽ ሳይንቲስቶችን ከአሥር ዓመት በላይ አስቸግሯቸው ነበር። ለተጫዋቾች በቀረበ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመፍትሔ የሚያበቃ ሞዴል ሠሩ፤ ውጤቱም በ2011 በአንድ የሳይንስ ምርምር መጽሔት ላይ ታተመ። ልብ በሉ ግን፤ ተጫዋቾቹ ሌላ ጌም ተጫውተው በፕሮቲን ፈጣሪ አልሆኑም። የተጫወቱት ራሱ የፕሮቲን ችግር ነበር።

ወደ ዋናው እንቅፋት የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። በጌም የተገኘ ችሎታ ከጌም ውጭ ይሻገራል ወይ? የ2018ቱ የሳላ፣ የታትሊዲልና የጎቤት ሥራ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አጥንቶ፣ በቪዲዮ ጌም መለማመድ ጠቅላላ የአእምሮ ችሎታን ያሳድጋል የሚለውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኘም። በሌላ በኩል በ2013 በተደረገ ሙከራ ጌም እምብዛም የማይጫወቱ 72 ሴቶች ለ40 ሰዓት ስታርክራፍት የተባለውን የጦር ስልት ጌም ወይም ዘ ሲምስ የተባለውን የዕለት ኑሮ ጌም ተጫወቱ፤ ስታርክራፍት የተጫወቱት፣ በተለይም ሁለት ሰፈር በአንድ ጊዜ ማስተዳደር የነበረባቸው፣ ሐሳብን ከአንዱ ወደ ሌላው በመቀያየር የተሻሉ ሆኑ። ሁለቱን ሳስተያይ የምደርስበት ይህ ነው፦ ሽግግር በራሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ድልድዩን እኛ መሥራት አለብን። ስለዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለ ድልድዩ ነው፤ ለቤትም፣ ለክፍልም፣ ለጌም ክበብም ይሆናል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 70 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 40 በጌም፣ 15 በእረፍት፣ 15 በወረቀት። አዲስና ባዶ ዓለም ክፈቱ። ግማሽ የተሠራ ቤት ያለበት ዓለም እጅን ወደ ቤቱ ይጎትታል። ምርጫ ካለ ቁሳቁስ የማያልቅበትን አሠራር ምረጡ፤ ግማሹ ሰዓት ድንጋይ በመቆፈር እንዳያልፍ። የብሎኩን ዓይነት ግን ወደ አምስት ዝቅ አድርጉ። በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ፊቱ የተደረደረለት ልጅ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ማውጫ ሲያገላብጥ ይጨርሰዋል።

ከዚያ «ፈጠራ አሳዩ» አትበሉ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ሙከራ አይተናል። በምትኩ አንድ ችግርና አንድ ክልከላ ስጡ። ጥሩ ክልከላ ማለት መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣውን መልስ የሚዘጋ ነው። ለምሳሌ፦ «ሁለት ሰው የሚያድርበት፣ ዝናብ የማይገባው፣ በርና መስኮት የሌለው መጠለያ።» በርና መስኮት ሲከለከል የታወቀው የቤት ሥዕል ይፈርሳል፤ ሰው ከላይ ይገባል፣ ከመሬት በታች ይገባል፣ ግድግዳው ራሱ ይንቀሳቀሳል። ይህስ መመሪያ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ነው፤ ግን ክልከላው የሚናገረው ስለ ሥራው ነው። «ፈጠራ አሳይ» የሚለው ግን ስለ ሰውየው ነው፤ እያንዳንዱን ብሎክ ሲያስቀምጥ ራሱን እንዲመዝን ያደርገዋል።

ከክፍለ ጊዜው በፊት የማስተማሪያ ቪዲዮ አይታይ። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥብቅ ነኝ። ጃንሰንና ስሚዝ በ1991 ባሳተሙት ሙከራ ለንድፍ ሠሪዎች የማይደፋ ኩባያ እንዲሠሩ ሰጧቸው፤ መምጠጫ ቀጭን ቱቦ እንዳይጠቀሙም ነገሯቸው። ከዚያ ለአንዳንዶቹ ቱቦ ያለበት ምሳሌ አሳዩ። ምሳሌውን ያዩት፣ ክልከላውን እያወቁ፣ ቱቦ እየጨመሩ ሣሉ። ዓይን ያየውን እጅ ይደግመዋል፣ ስሕተቱን ጭምር። ከሥራው በኋላ ቪዲዮ ማየት ግን ይጠቅማል፤ ያኔ ልጁ የራሱን ይዞ ነው የሚያነጻጽረው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሦስት ሙከራ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ያህል። ሦስቱም አስቀያሚ ቢሆኑ ግድ የለም። ከሦስቱ አንዱን መርጦ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዞ መሮጥ የተለመደው ድክመት ነው፤ ሦስተኛው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይርቃል። 25ኛው ደቂቃ ላይ ሁኔታውን ለውጡ፦ «ጣሪያው ላይ ውሃ ተኝቷል» ወይም «ከአምስቱ ብሎክ አንዱ አልቋል»። አንዳንዱ ልጅ ይናደዳል። ንዴቱ ከበዛ ለውጡን በሚቀጥለው ጊዜ አድርጉት፤ የጨዋታው ስሜት ራሱ ውጤቱን ይነካዋልና።

40ኛው ደቂቃ ላይ ሥራው ባያልቅም ይቆም። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ቀለል ያለ ነገር፦ መራመድ፣ ዕቃ ማስተካከል፣ ሰሃን ማጠብ። ስልክ ግን አይነሣ። ሲዮና ኦርሜሮድ በ2009 ባቀረቡት 117 ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ፣ ችግርን ለጊዜው ትቶ መመለስ በአማካይ ይረዳል፤ በተለይም ብዙ መልስ ባላቸው ችግሮች ላይ። ቀላል ሥራም በአንዳንድ የቃል እንቆቅልሾች ላይ ከባዶ ዕረፍት ይሻላል። ስልክ ላይ ሌላ ጌም መክፈት ዕረፍት አይሆንም፤ አእምሮ የሚንሸራሸርበትን ቦታ ሁሉ ይይዘዋል።

የመጨረሻው 15 ደቂቃ ድልድዩ ነው። ያንኑ ችግር በወረቀት፣ በካርቶን፣ በክር ይሥሩት። ካርቶን ይጎብጣል፣ አየር ላይ አይንሳፈፍም፤ ጌሙ ውስጥ የሠራው ግማሹ አይሠራም። ልጁ ከጌሙ ቅርጹን ሳይሆን ሐሳቡን ለይቶ ማውጣት የሚገደደው እዚህ ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ መጀመሪያ ምን አሰብክ? የቱ ጋ ተበላሸ? ያንን ትተህ ይህን ለምን መረጥክ? «ጎበዝ! በጣም ያምራል!» ማለት አይከለከልም፣ ግን ከጥያቄዎቹ በኋላ ይሁን። ቀድሞ የመጣ ሙገሳ ንግግሩን ይዘጋዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምን ላይ ነው? አራት ልጆች በአንድ ዓለም ሲገቡ የሚያውቀው ይገነባል፣ ሦስቱ ድንጋይ ያቀብላሉ። ሁለት ሁለት አድርጓቸው፤ መቆጣጠሪያውን በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ ያልያዘው ይናገር፣ የያዘው ይሥራ። ትልቅ ሰው ከኋላ ቆሞ ሲመለከት ደግሞ ልጁ ለተመልካቹ መሥራት ይጀምራል፤ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ተመለሱ። በየቀኑ ለገባ ስጦታ የሚሰጡ ጌሞች ለዚህ ሥራ አይመቹም፤ ሰውን የሚያስገባው ስጦታው ይሆናል።

ለውጥ መኖሩን ለማየት ቀላል መለኪያ አለ። ጡብ ለምን ለምን ይጠቅማል? ሦስት ደቂቃ፣ የመጣውን ሁሉ መጻፍ። መልሶቹን ቁጠሩ። ከዚያ በዘርፍ መድቡ፤ «ቤት መሥሪያ፣ አጥር መሥሪያ፣ ደረጃ መሥሪያ» ሦስት መልስ ቢሆንም ዘርፉ አንድ ነው፤ «በር እንዳይዘጋ መያዣ» ሌላ ነው፤ «ተፈጭቶ ቀለም» ሌላ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ያመጣውን መልስ ለብቻ ምልክት አድርጉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትደግሙት ያንኑ ጡብ አትስጡ፤ ሰው በመልመዱ ብቻ ነጥቡ ይጨምራል። ግማሹ በጡብ ጀምሮ በጋዜጣ ይጨርስ፣ ግማሹ በጋዜጣ ጀምሮ በጡብ። ደግሞ ጌሙን ያልተጫወቱ ጥቂት ሰዎች በሁለቱም ጊዜ ይፈተኑ፤ ያለነሱ የታየው ጭማሪ ከጌሙ ይሁን ከመልመድ አይታወቅም። መልስ የሚመድበው ሰው የማን ወረቀት እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

ከታዳሚዎች ሁለት ጥያቄ ቀርቦልኛል።

አንደኛው «ስንት ሰዓት ይበቃል?» የሚል ነው። ለፈጠራ ከሆነ የገለጽኩት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል ባይ ነኝ። ረጅም ሰዓት ሲጫወቱ መጨረሻው ላይ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ መድገም ነው። ስለ ሱስ ለሚጨነቁ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም መታወክን የሚለየው በሰዓት ብዛት አይደለም። ጨዋታን መቆጣጠር ሲያቅት፣ ከሌላው የሕይወት ክፍል ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳት እያመጣም ሲቀጥል፣ ይህም ኑሮን በእጅጉ አውኮ በተለምዶ ቢያንስ ለ12 ወር ሲታይ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ እኔ ያቀረብኩት አሠራር ለዚያ መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የእናት ነው፦ «ልጄ ተኩስ ያለበትን ጌም እንጂ ግንባታ አይወድም፤ ምን ላድርግ?» ግንባታ አያስገድዱት፣ እመቤቴ። የሚወደው ጌም የሜዳ መሥሪያ ካለው ከዚያ ይጀምር፤ አንድ ሜዳ፣ ሁለት መግቢያ፣ አንድ መሸሸጊያ። ከሌለው ሕጉን እሱ ራሱ ይቀይር፦ ያንኑ መድረክ ጥይት ሳይተኩስ ይጨርስ፣ ወይም ሳይዘል፣ ወይም ካርታውን ሳያይ። ሕጉን የሚያወጣው ግን እሱ ይሁን። መጀመሪያ የሚያወጣው ሕግ ምናልባት የማይቻል ይሆናል፤ ይሞክረው፣ ይውደቅ፣ ያላላው። ሲያስተካክለው ወረቀት ላይ ይጻፍና ለጓደኛው ይስጠው፤ ጓደኛው ሳይጠይቅ ተረድቶ መጫወት ከቻለ ሕጉ ተሠርቷል፤ ካልቻለ የትኛው ቃል እንዳሳሳተው ይጠይቅና እንደገና ይጻፈው።